ቅዳሜን ከቤት ውጭ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተነስቶ የት መሄድ ይሻላል?

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐረጎን ጥምዝምዝ ብላችሁ ስትወርዱ አየሩ እዚያው መኪናው ውስጥ ይቀየራል። ደሴ ጉም ለብሳ ሰው ጋቢ ሲከናነብ ኮምቦልቻ በቲሸርት ይኬዳል። ሌላ ከተማ ያለ ሰው አየር ልቀይር ብሎ ግማሽ ቀን ይነዳል፤ እኛ በአንድ ሚኒባስ እንጨርሰዋለን።

ስለዚህ የዚህ አካባቢ ሰው የቦታ ችግር የለበትም። ተራራ አለ፣ ደን አለ፣ ሐይቅ አለ፣ ቆላ አለ። ችግሩ መምረጡ ላይ ነው። አንዱ ሐይቅ ይላል፣ ሌላው ጦሳ እንውጣ ይላል፣ ሦስተኛው ግሸንን ያነሳል፣ ሲከራከሩ ቅዳሜ ያልፋል። እስቲ ጎን ለጎን አድርገን እንያቸው።

መጀመሪያ በምን እንለካቸው?

አብዛኛው ሰው ቦታ የሚመርጠው በፎቶ ነው። ቴሌግራም ላይ አንድ ቆንጆ የውሃ ዳር ያይና ተነሱ ይላል። ፎቶው ግን መመለሻ መኪና ስንት ሰዓት ላይ እንደሚጠፋ አይናገርም።

ለእኔ ትልቁ መስፈርት መመለሻው ነው። መሄድማ ማንም ይሄዳል። ጠዋት መናኸሪያ የሚሞላ መኪና አይጠፋም። ከሰዓት በኋላ ከትንሽ ከተማ፣ ይባስ ብሎ ከገጠር መንገድ ዳር፣ ወደ ደሴ የሚመለስ መኪና ማግኘት ነው ፈተናው። ከ10 ሰዓት በኋላ ተሳፋሪው ይበዛል፣ መኪናው ይቀንሳል፣ ታሪፍ የሚባለው ነገር ይረሳል። ስለዚህ «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ከማለት «የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት ይነሳል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የመንገዱ ሰላምም እዚሁ ውስጥ ይገባል። ከዋናው አስፋልት ወጣ ለሚል ጉዞ ባለፈው ሳምንት ሰው የነገራችሁን አትመኑ፤ ትናንት በዚያ መንገድ የተመላለሰ ሹፌር ፈልጋችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው ከኪስ የሚወጣው ነው። ሰው የሚሸወደው የሚኒባሱን ዋጋ ብቻ ሲያስብ ነው። ባጃጅ አለ፣ ጀልባ አለ፣ መንገድ የሚያሳይ ልጅ አለ፣ ምሳ አለ። እነዚህ ተደምረው ብዙ ጊዜ ከትራንስፖርቱ ይበልጣሉ። እዚህ ዋጋ አልጽፍም፤ ነዳጅ ሲጨምር ሁሉም ይለወጣል። በደረጃ ግን አስቀምጣቸዋለሁ።

ሦስተኛው አብሮ የሚሄደው ሰው ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት፣ የስድስት ዓመት ልጅና የሃያ ዓመት ጎረምሳ አንድ ዓይነት ተራራ አይወጡም። አራተኛው ወቅቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃና ጉም ናቸው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ሁሉም ቦታ ያምራል። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱና ጠዋቱ ግን ደጋ ላይ አጥንት ይሰብራል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የበልግ ዝናብ ሊመጣ ስለሚችል የጠጠር መንገድ ላይ እምነት አይጣልም።

ጦሳ፦ ከቤት ተነስቶ በእግር

ጦሳ ከደሴ በስተምዕራብ ግድግዳ ሆኖ የቆመው ተራራ ነው። የደሴ ሰው በየቀኑ ያየዋል፣ ግን ስንቱ ወጥቶታል? ዋናው ጥቅሙ ትራንስፖርት አለመጠየቁ ነው። ጫማችሁን አስራችሁ ከሰፈራችሁ ትነሳላችሁ። መመለሻ የሚባል ጭንቀት የለም፤ ደከመኝ ካላችሁ ባላችሁበት ዞሮ መውረድ ነው።

ዳገቱ ግን ቀልድ አይደለም። ከተማው ራሱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ በተለይ ከኮምቦልቻ ወይም ከቆላ ለመጣ ሰው። መጀመሪያ የሚሮጥ ሰው ግማሽ ላይ ሲቀመጥ ታገኙታላችሁ። ቀስ ማለት ነው። የባህር ዛፉን አልፋችሁ ከፍ ስትሉ ደሴ ከእግራችሁ ስር ትዘረጋለች፣ ማዶ በምሥራቅ በኩል አዝዋ ገደል ይታያል። በወዲያኛው ጎን ደግሞ የገራዶ ሜዳ አለ።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት ጥሩ ነው። ሲረፍድ ጉም ሊመጣ ይችላል፣ ጉም ከመጣ የወጣችሁለት እይታ የለም። ከመሸ አትቆዩ፤ ጅቡም ሰዓቱን ያውቃል። ብቻችሁንም አትውጡ፣ በተለይ ሴቶች ከሆናችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ ሂዱ። አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፦ በ2014 ጥቅምት በደሴ ዙሪያ ባሉ ኮረብቶች ላይ ውጊያ ነበር። በእነዚህ ተራሮች ላይ ያልታወቀ ብረት ካያችሁ አትንኩ፣ ልጆችም እንዳይነኩ ንገሯቸው፣ ለአካባቢው ፖሊስ አሳውቁ።

ወጪው ውሃና ቆሎ ነው። አንድ ዳቦ ከጨመራችሁ ድግስ ነው።

የጎፍ ደን፦ ለኮምቦልቻ ልጅ የቅርብ ጥላ

የጎፍ ከኮምቦልቻ በላይ ያለ ተራራና ደን ነው። ጥድና ወይራ ያለበት የተፈጥሮ ደን ከተተከለው ጋር ተቀላቅሎ ቀርቷል። በወሎ እንዲህ ያለ ደን እንደ ልብ አይገኝም፣ ሌላው ቦታ አብዛኛው ታርሷል ወይ ባህር ዛፍ ሆኗል። ስለዚህ ዛፍ ስር መሄድ፣ ወፍ መስማት፣ ጥላ ላይ መቀመጥ ለሚወድ ሰው ከጦሳ ይሻላል። እይታን ለሚወድ ጦሳ ይበልጣል።

ኮምቦልቻ ሲሞቅ፣ በተለይ ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ወደ የጎፍ ከፍ ማለት በራሱ እረፍት ነው። እስከ እግሩ ድረስ በባጃጅ ትደርሳላችሁ፣ ከዚያ በእግር። ደኑ የተጠበቀ ስለሆነ ስትገቡ ከጥበቃዎቹ ወይም ከቀበሌው ሰው ጋር ሰላም ተባባሉ፣ ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነም እዚያው ይነግሯችኋል። እሳት አታንዱ። ቡናውን በፔርሙዝ ይዛችሁ ሂዱ። ደረቅ ወቅት ላይ አንድ ፍም ምን እንደሚያደርግ ማስረዳት አያስፈልግም።

ድክመቱ መንገዶቹ ምልክት የላቸውም። የአካባቢው ልጅ አብሯችሁ ቢሄድ ጥሩ ነው፤ የሚከፈለውን ግን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ።

ሐይቅ፦ ሁሉም የሚሄድበት፣ ምክንያትም አለው

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሐይቅ ከተማ አለች። ከዚያ ውሃው ዳር ለመድረስ ጥቂት ኪሎ ሜትር በባጃጅ ወይም በእግር ነው። የሚኒባስ ምልልሱ ብዙ ነው፣ መንገዱ ዋና መንገድ ነው፣ ምሳ አለ፣ ጥላ አለ። በመመለሻ መስፈርት ከከተማ ወጣ ካሉት ሁሉ አንደኛ ነው። ቤተሰብ ሰብስቦ ለሚሄድ ሰው ሌላ ቦታ ማሰብ ብዙም አያስፈልገውም፣ እውነቱን ለመናገር።

ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሰፋል፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ይደርሳል። ይህን ቁጥር የምጽፈው ለማስደነቅ አይደለም። ዳሩ ረጋ ያለ ስለሚመስል ልጆች ጉልበት ድረስ ብለው ይገባሉ፣ ትንሽ ሲቀጥሉ ደግሞ ወዲያው ይጠልቃል። ዋና የማይችል ሰው እግሩን ነክሮ ይብቃው። ጀልባ ስትይዙ ዋጋው ደርሶ መልስ መሆኑን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ «ወሰድኩህ እንጂ እመልስሃለሁ አላልኩም» የሚባል ክርክር ውሃ መሃል ደስ አይልም። ላይፍ ጃኬት መኖሩንም ጠይቁ፣ ከሌለ ልጆችን አታሳፍሩ።

አሳው ቆሮሶ ነው። ጥብሱም አለ፣ ለብለቡም አለ፣ ዱለቱም አለ። ትኩስ የሚበላው ቀደም ብሎ ያዘዘ ነው፣ ከ7 ሰዓት በኋላ ሲጣደፉ የሚመጣው ሌላ ነገር ነው። ጾም ላይ አሳ የሚበላና የማይበላ አብሮ ከሄደ ሽሮውንም አብራችሁ እዘዙ፣ ክርክሩን ምሳ ላይ አትጀምሩት። አርብ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ጁምዓ የሚሰግደውን አስቡና ምሳውን ከሶላት በኋላ አድርጉት።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወደ ውሃው በገባው መሬት ላይ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ቦታ ነው። ወደ ገዳሙ የሚገቡት ወንዶች ብቻ ናቸው። ይህን የምጽፈው ባልና ሚስት ደርሰው በር ላይ እንዳይደነግጡ ነው። አንዱ ሲገባ ሌላው ውሃ ዳር ይቆያል፣ ወይም ገዳሙን ትታችሁ ሁላችሁም ጀልባ ላይ ትውላላችሁ።

ድክመቱ ሕዝቡ ነው። በዓል ሲሆን ሙዚቃ፣ ጩኸት፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የጫት ገረባ። ጸጥታ ፈልጋችሁ ከሆነ በሥራ ቀን ሂዱ፣ ወይም ቅዳሜ ጠዋት በጊዜ ደርሳችሁ ሰው ሲመጣ ውጡ።

አርድቦ ከዚያው ብዙም አይርቅም፣ በስተደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሌላ ሐይቅ ነው። ከእሱ የሚወርደው ውሃ ወደ ሐይቅ ይገባል። ሰው አይበዛበትም፣ ምግብ ቤትም አትጠብቁ። ስንቅ ይዞ በእግር ለመሄድ ለማይሰንፍ፣ ሐይቅን ደጋግሞ ላየ ሰው ነው የምመክረው። ከአስፋልት የወጣ ስለሆነ መመለሻውን አስቀድማችሁ ጨርሱ።

ማይባር፦ ጸጥታ ለሚፈልግ

ብዙ የደሴ ሰው ስሙን ያውቃል፣ አልሄደበትም። ከደሴ በስተደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አልቡኮ ውስጥ፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለ ትንሽ ሐይቅ ነው። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ዙሪያው እርሻና ገደላገደል ነው። ከ1981 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ የአፈር መሸርሸር ጥናት የሚካሄድበት ጣቢያ እዚያ አለ። ግብርና ወይም ጂኦግራፊ የሚማር ልጅ ካላችሁ እርከኑንና ጎርፉን በዓይኑ የሚያይበት ቦታ ነው፤ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ከሚስለው ይበልጣል።

ኪሎ ሜትሩ ከሐይቅ ያነሰ ነው፣ ጉዞው ግን ይረዝማል። የጠጠርና የዳገት መንገድ ስለሆነ መደበኛ ትራንስፖርት ላይ ተማምኖ ሄዶ መመለስ ይከብዳል። ስድስት ሰባት ሆኖ መኪና ኮንትራት ይዞ መሄድ ነው መፍትሔው። ሹፌሩ እዚያው እንዲጠብቃችሁ ተስማሙ፣ ክፍያውን ግማሽ ስትመለሱ ስጡ። ክረምት ላይ አትሞክሩት።

በግማሽ ቀን የሚያልቁ

ቦሩ ሜዳ ከደሴ በስተሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሜዳ ስለሆነ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ብስክሌት ያለው ይነዳል፣ ዳገት የማይችሉ ትልልቅ ሰዎች ዘና ብለው ይራመዳሉ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ሜዳ ነው፣ ለልጆች የሚነገር ታሪክ አይጠፋም። ለአያቶችና ለሕፃናት አንድ ላይ የሚሆን ርካሽ ቦታ ብትጠይቁኝ ይህን እላለሁ።

ከኮምቦልቻ በኩል ደግሞ ባቲ አለች፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሰኞ ካልሆነ አትሂዱ። ሰኞ ገበያው ነው፣ ከአፋር ቆላ ግመልና ፍየል ይወጣል፣ ከደጋው እህል ይወርዳል። ሥራ ለሚገባ ሰው ሰኞ አይመችም፣ ለተማሪ በእረፍት ጊዜ ይሆናል። ሙቀቱን አትናቁት፤ ጠዋት ገብቶ ከምሳ በፊት መውጣት። ሰው ፎቶ ስታነሱ አስፈቅዱ።

ወፍ ለሚወድ የጨፋ ረግረግ አለ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ሲኬድ በቦርከና ሸለቆ። የመኪና መንገዱ በአጠገቡ ስለሚያልፍ መድረሱ ቀላል ነው። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ከሌላችሁ ግን ብዙም አታዩም።

ግሸንና ወረሂመኖ፦ ሌላ ሂሳብ ነው

ግሸን ማርያም አምባሰል ውስጥ ነው፣ ከደሴ 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ። አምባው የመስቀል ቅርጽ አለው፣ በጥንት ጊዜ የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት ነበር። መስከረም 21 ሕዝበ ክርስቲያን ከየአገሩ ይጎርፋል። ለንግሥ የሚሄድ ሰው ለንግሥ ይሂድ፣ እሱ የእምነት ጉዳይ ነው፣ ምክሬም አያስፈልገውም። ለተፈጥሮና ለእግር ጉዞ የምትሄዱ ግን ሌላ ቀን ምረጡ፣ ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር። የመጨረሻው ዳገት ከባድ ነው፣ ነጠላና ረጅም ልብስ ያስፈልጋል፣ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን እንጨርስ ብሎ መጣደፍ አይመከርም። መንገዱ ከመመለሻ አንጻር ከዝርዝሩ አስቸጋሪው ነው።

ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ፣ ድሮ ደንቆሮ ጫካ የሚባለው፣ ቦረናና ሳይንት ውስጥ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታይበት ነው። ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሄድ ይህ የቅዳሜ ጉዳይ አይደለም። ቢያንስ ሁለት ሌሊት፣ ወፍራም ልብስ፣ ጥሩ መኪና፣ አስቀድሞ ከፓርኩ ሰዎች ጋር መነጋገር። መንገድ ላይ ጉጉፍቱ ላይ ስታልፉ ብርዱን ታዩታላችሁ።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| ቦታ | መነሻና ርቀት | ወጪ | መመለሻ | ጉልበት | ለማን |
|---|---|---|---|---|---|
| ጦሳ | ከደሴ በእግር | ከምንም አይቆጠርም | አያሳስብም | ከባድ ዳገት | ወጣቶች፣ ስፖርት የሚሠሩ |
| የጎፍ | ከኮምቦልቻ ቅርብ | ዝቅተኛ | ቀላል | መካከለኛ | ጥላና ደን ወዳጆች |
| ሐይቅ | ከደሴ 30 ኪ.ሜ. ገደማ | መካከለኛ፣ ከጀልባና አሳ ጋር ከፍ ይላል | ጥሩ፣ ከ10 ሰዓት በፊት | ቀላል | ቤተሰብ፣ እንግዳ |
| አርድቦ | ከሐይቅ አለፍ ብሎ | መካከለኛ | አስቀድሞ መያዝ | መካከለኛ | ጸጥታ ፈላጊ ተጓዦች |
| ማይባር | ከደሴ 25 ኪ.ሜ. ገደማ | በኮንትራት ሲካፈሉ መካከለኛ | ያለ ኮንትራት ከባድ | መካከለኛ | ጓደኞች፣ ተማሪዎች |
| ቦሩ ሜዳ | ከደሴ 10 ኪ.ሜ. ገደማ | ዝቅተኛ | ቀላል | በጣም ቀላል | አያቶችና ልጆች |
| ባቲ | ከኮምቦልቻ 40 ኪ.ሜ. ገደማ | ዝቅተኛ | ሰኞ ጥሩ | ቀላል፣ ግን ሙቀት | ገበያ ወዳጆች |
| ግሸን | ከደሴ 80 ኪ.ሜ. ገደማ | ከፍተኛ | አስቸጋሪ | ከባድ | ጊዜና ጉልበት ያለው |
| ወረሂመኖ | ከደሴ ከ150 ኪ.ሜ. በላይ | ከሁሉም ከፍተኛ | በራስ መኪና | ከባድ | ሁለት ሦስት ቀን ያለው |

እንግዲህ እናንተ የትኛው ናችሁ?

ወር መጨረሻ ላይ ደርሳችሁ ኪስ ከሳሳ፣ የደሴ ሰው ጦሳ፣ የኮምቦልቻ ሰው የጎፍ። ሁለቱም ከሐይቅ ያነሱ አይደሉም፣ ምግብ ቤት ስለሌላቸው ብቻ ነው የተናቁት። በየወሩ ሊደገም የሚችልም እነሱ ናቸው።

ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ እንግዳ ከመጣባችሁ ሐይቅ ውሰዱት፣ ጥያቄ የለውም። እንግዳው ሁለት ቀን ካለው በመጀመሪያው ቀን ጦሳ እንዳታወጡት፣ አየሩን ይልመድ፤ ሐይቅ አውሉትና ተራራውን በማግስቱ።

እናትና አባታችሁን ይዛችሁ ከሆነ ቦሩ ሜዳ ወይም ሐይቅ ውሃ ዳር። ሐይቅ ከመረጣችሁ ባጃጁን እስከ ውሃው ድረስ ያዙላቸው፣ በእግር አታድርጓቸው፣ እነሱ «ግድ የለም እንሄዳለን» ቢሏችሁም።

ሰፈር ውስጥ ስድስት ሰባት ጓደኛ ሆናችሁ ሁሉም ሐይቅን የጠገባችሁት ከሆነ በማይባርና በአርድቦ መካከል ምረጡ። እዚህ እኔ ወደ ማይባር አደላለሁ፣ ምክንያቱም ብርዱና ጸጥታው ሐይቅ አካባቢ የለም። ነገር ግን የመኪና ኮንትራት የሚካፈል ሰው ሦስት ብቻ ከሆነ ሂሳቡ አያዋጣም፣ አርድቦ ይሻላል።

የኮምቦልቻ ሰው ሙቀት ከሰለቸው በጠዋት ሚኒባስ ወደ ደሴ ወጥቶ፣ ቦሩ ሜዳ ውሎ፣ ከመምሸቱ በፊት መውረድ ይችላል። የደሴ ሰው በታኅሣሥ ብርድ ከተሰቃየ በተቃራኒው ይውረድ። ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ ቦርከና አካባቢ ፀሐይ መሞቅም አንድ ፕሮግራም ነው፣ ማንም ፕሮግራም ነው ብሎ ባይቆጥረውም።

ለሁሉም የሚሆን ስንቅ፦ ለአንድ ሰው ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ፣ በሶ ወይም ቆሎ፣ ለደጋው ጃኬት፣ ለቆላው ኮፍያ፣ ቻርጅ የተደረገ ስልክ፣ ዝርዝር ብር። ባጃጅም ጀልባም «ዝርዝር የለኝም» ማለት ይወዳሉ፣ ሞባይል ባንኪንግ ደግሞ ኔትወርክ በሌለበት አይሠራም።